ሴራ የላከው እንደራሴ

እንደራሴ ነበርኩ ስል የዛሬ ልጆች መጀመሪያ ፊቴን ያያሉ፣ ቀጥሎ ጫማዬን ያያሉ። አልፈርድባቸውም፤ ጫማውም አልቋል፣ እኔም አርጅቻለሁ። ግን ነበርኩ! በጃንሆይ ጊዜ ከሆሳዕና ተመርጬ አዲስ አበባ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሁለት የምርጫ ዘመን ተቀምጫለሁ። ስለዚያ ወንበር የማይጠይቀኝ የለም። ጃንሆይን በቅርብ አይተሃል ወይ? ምን ሕግ አወጣህ? ይሉኛል። እኔ ግን ማውራት የሚያምረኝ ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት በጥቂት ቀን ውስጥ ስለደረሰብኝ ነገር ነው። እስቲ ታገሱኝና ከሥሩ ልጀምር።

ስሜ ጡሞሮ ነው። የተወለድኩት ከጃጁራ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ነው፤ ሚሲዮን ቤት ፊደል ቆጥሬ ኋላ ሆሳዕና ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ሆንኩ። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ አይደለም። በዚህም ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ከእኔ የባሰ ጥንቁቅ አልነበረም። ተማሪ ተነስቶ "እናቴ መጣ" ያለ እንደሆነ ጥርሴን ያመኝ ነበር። ለመመረጥ ንብረት ስለሚያስፈልግ ከተማ ያለችኝን የቆርቆሮ ቤት አስመዘገብኩ፣ ምልክቴን ፋኖስ አደረግኩ፣ በበቅሎና በእግር ቀበሌ ለቀበሌ ዞርኩ፤ አለፍኩም። ያኔ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። ሰው የሚመርጠው ሰው ነው።

ባለፍኩ ማግስት ከተማው በሙሉ እርስዎ አለኝ። የአውራጃው ገዥ እንኳ ሳይቀሩ! ፊታውራሪ ናቸው፤ ቁመተ ረጅም፣ ንግግራቸው ቁጥብ። "አንተ መምህር" ሲሉኝ የኖሩ ሰው መንገድ ላይ አቁመው "እንደምን አደሩ አቶ ጡሞሮ" ቢሉኝ፣ ከኋላዬ ማን እንዳለ ለማየት ዞርኩ። ባለቤቴ አበበች ይህን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። "እኔም እርስዎ ልበልህ እንዴ?" አለች። ይቺን "እርስዎ" አደራ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትመለሳለች።

ደስታዬን የሚቆረጥመው አንድ ነገር ነበር፤ መንደሬ። ይህን ለማስረዳት አንዲት ቃል ማስተማር አለብኝ፤ መቼስ የአስተማሪ ነገር።

ቃሏ ሴራ ናት። እናንተ ሴራ ስትሉ ተንኮል ነው፣ ሰው ለመጣል በጨለማ የሚጎነጎን ነገር ነው። እኛ ሀዲያዎችና ጎረቤቶቻችን ከምባታዎች ዘንድ ግን ሴራ የመንደር ሕግ ነው። ሕጉም ሴራ ነው፣ በሕጉ የሚኖረው ሰውም ሴራ ነው፣ ዛፍ ሥር የሚቀመጠው ሸንጎም ሴራ ነው። ቤትህ ቢቃጠል የሚሠራልህ ሴራ ነው። ድንበር ብትገፋ የሚቀጣህ፣ ስትሞት የሚቀብርህም እሱ ነው። ነገርህ የከፋ እንደሆነ ደግሞ ያወጣሃል። የወጣ ሰው ቤት እሳት አይጫርም፣ ደጁ አይረገጥም፣ ሲሞትም ቀባሪ የለውም።

አባቴን ሎምባሞን አወጡት። በወንጌል ካመኑት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር። አንድ የድንበር ክርክር ላይ ሽማግሌዎቹ እንደ ደንቡ ማል ቢሉት "ቃሌ ቃል ነው፣ በድሮው መሐላ አልምልም" አለ። ያለ መሐላ ደግሞ ሴራ አይቀመጥም ነበርና በዚያው ወጣ። የሚገርመው፣ ኋላ መንደሩ ቀስ በቀስ ራሱ አመነ፤ መሐላውም ቀረ። ፍርዱ ግን እንደተፈረደ ቀረ፤ ምክንያቱም ይነሳልኝ ብሎ የሚቀርበው ሰው ሞቶ ነበር።

ሲሞት ጉድጓዱን የቆፈርነው እኔና ከዶዮገና የመጡ ጥቂት አማኞች ነን። እናቴ ሰሌን ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ለቅሶ ማለት እኛ አገር ሰው ነው፤ ሰው ካልመጣ ለቅሶ የለም። ከእንሰቱ ማዶ፣ መንገዱ ላይ፣ የሴራው መሪ አቶ ኤርሱሞ ቆመው አየኋቸው። ወደኛ አልመጡም። ጀርባቸውን ሰጥተውን ዝም ብለው ቆመው ዋሉ። እናቴን ይዤ ከተማ ገባሁ፣ ያንን ጀርባ ግን ይዤው ነው የገባሁት። ጠልቻቸው ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ስለዚህ ምርጫውን ሳሸንፍ፣ ከዚያ መንደር አንዲት ድምፅ እንዳላገኘሁ እርግጠኛ ነበርኩ።

ጥቅምት ገባ። ጃንሆይ ምክር ቤቱን የሚከፍቱበት፣ አዲሶቹ እንደራሴዎችም ቃለ መሐላ የምንፈጽምበት ቀን ቀረበ። አዎ፣ መሐላ! የሎምባሞ ልጅ ሊምል ነው፤ እናቴ ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች። በማግስቱ ጠዋት በሚነሳው አውቶብስ ልሄድ ሻንጣዬ ተዘግቷል፣ ጥቁር ሱፌ ተተኩሶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀትር ላይ አበበች ከበር ተመልሳ፣

"አንዲት ሴትዮ ደጅ ቆመዋል፣ ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ" አለችኝ።

ወጣሁ። እማማ ባሎቴ ናቸው፤ የአቶ ኤርሱሞ ሚስት። ከመንደር በእግራቸው መጥተው እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት አቧራ ለብሷል። ከአጥሩ በር ውጭ ቆመዋል፣ ጣታቸው እንኳ በሩን አልነካም። የወጣ ሰው ቤት ነዋ! ለካ ፍርዱ እኛን ተከትሎ ከተማ ገብቷል። ደሜ ፈላ።

"ምን ፈለጉ?" አልኳቸው።

"ኤርሱሞን አሰሯቸው። ሌሎቹንም ሽማግሌዎች። ሴራ እንደተቀመጡ ፖሊስ መጥቶ ወሰዳቸው። ያለ አንተ ሰው የለንም።"

አፌ ላይ የመጣውን ሳልናገር እናቴ ከኋላዬ መጣች። በእጇ ውሃ በጣሳ ይዛለች። በሩን አልፋ ወጣችና ለእማማ ባሎቴ አቀበለቻቸው። ሁለቱ አሮጊቶች መንገድ ላይ ቆመው ተያዩ። እማማ ባሎቴ ጣሳውን ተቀብለው ጠጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣

"ምን ትገተራለህ? ጫማህን አድርግና ሂድ" አለችኝ።

"እማ፣ እነማን እንደሆኑ ረሳሽ?"

"አንተ ነህ የረሳኸው። የታሰረ ሰው ይጠየቃል።"

ፖሊስ ጣቢያው የተቀበለኝ መቶ አለቃ ገና ከሰሜን ተዛውሮ የመጣ፣ ትሑት ወጣት ነበር። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ወንበር ስቦ "ክቡር እንደራሴ፣ ይቀመጡ" አለኝና በሩን ዘጋው። ፊቱ ላይ ጭንቀት አለ።

"ከጃጁራ ገበያ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው" አለኝ። "ብዙ ናቸው፣ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ሰሞኑን አዲስ አበባ ተማሪ እየረበሸ ስለሆነ ስብሰባ እንድንከታተል ታዘናል። ምን እያደረጋችሁ ነው አልኩ። ዋናው ሽማግሌ አማርኛ ያውቃሉ። ምን አሉኝ መሰለዎት? 'ሴራ ላይ ነን'።"

ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ።

"በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝምና ደግሜ ጠየቅኩ። 'ሴራ ነው፣ ሴራ!' አሉኝ፤ እኔ የማልሰማ ይመስል ጮክ ብለው። መንግሥት ያውቃል ወይ? አልኳቸው። 'መንግሥት ሳይመጣ ሴራ ነበር' አሉ። ከሴራው የወጣ ሰው ምን ይደረጋል? አልኩ። 'ሲሞት አንቀብርም' አሉ። በእግዚአብሔር! ሃያ ዓመት ፖሊስ የሆነ ሰው እንደዚህ ያለ ቃል ሰምቶ ያውቃል?"

ምንም ቢሆን ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም።

"አይሳቁ ክቡር እንደራሴ። የመጨረሻውን አልነገርኩዎትም። እንደራሴያችሁ ይህን ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። 'ጡሞሮን? ጡሞሮን የላከ ማን ነው? ሴራ ነው የላከው' አሉኝ።"

ሳቄ እዚያው ደረቀ።

አያችሁ ነገሩን? ጃንሆይ ላይ የሚያሴር ቡድን አለ፣ የራሱን ሰውም ምክር ቤት አስገብቷል። ያ ሰው እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት ወሬ ሰው ከወንበር ብቻ ሳይሆን ከምድረ ገጽ ይጠፋ ነበር።

"ለምን እንደተሰበሰቡ ተናገሩ?" አልኩት።

"እሱን ነው እምቢ ያሉት። የሽማግሌዎቹ አፍ ተለጉሟል። ነገ ጠዋት ፊታውራሪ ራሳቸው ያጣራሉ፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ነው የሚላኩት።"

እስር ቤቷ ጠባብ ናት። ሽማግሌዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ አቶ ኤርሱሞ መሐል ላይ። ከስተዋል፣ ግን ሸንጎ እንደሚመሩ ነው የተቀመጡት። አማርኛቸውን የተማሩት ጥቂት ዓመት ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ነው፤ በእሷም ይኮሩባታል። ያሳሰረቻቸውም እሷ ናት። በሀዲይኛ አወራኋቸው።

"አባቴ፣ ምን ነካዎት? ሴራ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም?"

"ሴራ ሴራ ነው።"

"አይደለም! በእነሱ ዘንድ ክፉ ነገር ነው። መንግሥት መገልበጥ ነው።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዳቸው "ዋ!" ብለው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። አቶ ኤርሱሞ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣

"ወንጂ ማንም እንደዚህ ብሎ አልነገረኝም" አሉ።

"ነገ ፊታውራሪ ሲጠይቁዎት እድር ነው ይበሉ። እድር ያውቃሉ፤ ሰው መቅበሪያ ማኅበር ነው። አንድ ቃል ነው፣ ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ ትገባላችሁ።"

"እድር አይደለም።"

"አውቃለሁ አይደለም! ይበሉ ነው ያልኩት።"

"ሐሰት ልናገር? ሴራ ላይ ሐሰት የተናገረ ምን እንደሚሆን አንተ ታጣዋለህ?"

ይህን ሲሉኝ የተሸከምኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። "አላጣውም! አባቴ እውነት ተናግሮም ወጥቷል። ሲቀበር እርስዎ ጀርባዎን ሰጥተውን ነው የቆሙት። ዛሬ እኔን ፈልገው ሚስትዎን ሲልኩ አያፍሩም?"

አቶ ኤርሱሞ ቀና ብለው አዩኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም።

"ግባ አይለኝም ሕጉ። እይ አይለኝም" አሉ። "ግን ትቻችሁ ሄጄ ነበር እንዴ?"

እውነትም አልሄዱም ነበር። ቀኑን ሙሉ ቆመው ነው የዋሉት።

"ለምን ነበር የተቀመጣችሁት?" አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

"ያልተቆረጠ ነገር ከሸንጎ አይወጣም። ይልቅስ እናትህ ደህና ናት?"

ከዚያ ስወጣ ፊታውራሪ አስጠሩኝ። ቢሮአቸው ውስጥ ብቻችንን ነበርን። ሻይ አስመጡልኝ።

"አቶ ጡሞሮ፣ ይህን ጉዳይ ሰምቻለሁ" አሉ። "እኔ እርስዎን አልጠረጥርም። የተማሩ ሰው ነዎት። እነዚህ ባላገሮች ስምዎን ስላነሱ ብቻ ሥራዎ እንዲበላሽ አልፈልግም። ጠዋት በአውቶብሱ ይሂዱልኝ። አላውቃቸውም፣ ግንኙነት የለኝም ብለው አንዲት ቃል ትተውልኝ ይሂዱ፤ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ።"

"እነሱስ ምን ይሆናሉ?"

"ያ የእርስዎ ጉዳይ አይደለም። ደግሞ ሰምቻለሁ፤ አባትዎን የበደሉ ሰዎች ናቸው አሉ። ታዲያ ምንዎ ናቸው?"

እውነት ለመናገር፣ ያ ሻይ ጣፈጠኝ። ሰው በሕይወቱ ስንት ጊዜ ቂሙንና ጥቅሙን ባንድ መንገድ ያገኛል? ቂሜ ሂድ ይለኛል፣ ወንበሬ ሂድ ይለኛል። ሐሰት እንኳ አልናገርም፤ በእርግጥም ግንኙነት የለንም፣ እነሱው ናቸው የቆረጡት። አስቤበት እመጣለሁ ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስገባ እማማ ባሎቴ አሁንም ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እናቴም አጠገባቸው፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ተቀምጣለች። እሳቸው መግባት ስለማይችሉ እሷ ወጥታላቸው ነው። አላፊ አግዳሚው የእንደራሴው እናት መንገድ ዳር ምን ትሠራለች ብሎ ያያል። እነዚህን ሁለት ሴቶች አልፌ መግባት አቃተኝ። አንጀቴን በሉት።

ጠዋት መናኸሪያው ደርሼ ነበር። ጠሪው "አዲስ አበባ! አዲስ አበባ! የሞላ!" ይላል፤ ተሸካሚው ሻንጣዬን ጣሪያ ላይ ሊያወጣ አንስቶታል። አበበች ክንዴን ነካ አደረገችኝ።

"ልብህ እዚህ ቀርቶ ሻንጣህ ብቻውን ምን ያደርጋል?" አለችኝ።

"አውርደው" አልኩት ተሸካሚውን። አጉረመረመ፤ አወረደው። አውቶብሱ ጥሩምባውን ነፍቶ ሄደ። የዚያን ሰዓት ከወንበሬ ጋር ተሰናብቼ ነው ወደ ገዥው ጽሕፈት ቤት የሄድኩት።

ክፍሉ በሰው ሞልቷል። ፊታውራሪ ከጠረጴዛው ኋላ፣ መቶ አለቃው ጎናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ለፊት ቆመዋል። ስገባ ፊታውራሪ ቅንድባቸውን አነሱ።

"አልሄዱም?"

"የሚመሰክር ያስፈልጋል ብዬ ነው፣ ክቡር ገዥ።"

"ለማን? ለእነዚህ? የሴራው ተካፋይ ነህ ማለት ነው?"

ሰማችኋቸው? እርስዎ ባንድ ሌሊት አለቀች። አንተ ሆንኩ። አይገርማችሁም፣ ቀለል አለኝ፤ አንተ ስባል ነው የኖርኩት።

"አይደለሁም" አልኩ። "እኔ የዚህ ሴራ ቂመኛ ነኝ።"

ቃሉን ለእናንተ እንዳስረዳሁት አስረዳሁ። ስለ ቤት መሥራቱ፣ ስለ ድንበሩ፣ ስለ ቀብሩ። ፊታውራሪ ትዕግሥታቸው ሲያልቅ አየሁና ወደ ራሴ ጉዳይ ገባሁ።

"ክቡር ገዥ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች ክፉ የምመኝ ሰው ካለ እኔ ነኝ። አባቴን አውጥተዋል። ጉድጓዱን በገዛ እጄ ነው የቆፈርኩት። እናቴ ብቻዋን ነው ያለቀሰችው። መንግሥትን የሚጎዳ አንዲት ነገር ቢኖራቸው ከእኔ ቀድሞ የሚከስ አይገኝም፤ ደስ ብሎኝ እከሳቸው ነበር። የላቸውም። እልኸኛ ናቸው፣ ግትር ናቸው፣ ለወጣ ሰው አንጀት የላቸውም። አሴሩ ግን አይባልም። የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ አንዲት ቃል ናት፤ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ በዚህች ቃል ላይ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ።"

ፊታውራሪ ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረጉና ወደ አቶ ኤርሱሞ ዞሩ።

"እሺ፣ ተንኮል ካልሆነ ለምን ደበቅህ? ምን ልታደርጉ ነበር የተሰበሰባችሁት?"

እኔ በሀዲይኛ "ስለ እግዚአብሔር ብለው ይናገሩ" አልኳቸው። ግራ ቀኛቸውን፣ አብረዋቸው የቆሙትን ሽማግሌዎች አዩ። አንዱ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው ነቀነቀ። ሁሉም ነቀነቁ። ለካ እዚያው፣ ገዥው ፊት፣ ሸንጎ ተቀምጠው ነገሩን መቁረጣቸው ነው! ከዚያ አቶ ኤርሱሞ በወንጂ አማርኛቸው ጀመሩ፤ አላረምኳቸውም።

"ጌታዬ፣ እኛ ይሄን ልጅ ምክር ቤት ላክን። ሴራ ተቀምጦ ነው ፋኖስ ምረጡ ያለው። ከላክን በኋላ አፈርን። አባቷን አውጥተን ልጇን መላክ ይሆናል ወይ? አባት የውጭ ሰው፣ ልጅ የእኛ ሰው፣ ይሄ አይሆንም። አባት ግን ሞቷል። የሞተ ሰው እንዴት ይገባል? የሚያውቅ የለም። እኛም አናውቅም፣ አባቶቻችንም አላደረጉትም። ለሎምባሞ ነው የተቀመጥነው። ሎምባሞን ልናስገባ ነው።"

አባቷን አሉ፣ ልጇን አሉ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥርሴን ሲያሳምመኝ የኖረ ስሕተት ነው፤ የዚያን ቀን ግን እንደዚያ ያለ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። እዚያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። መቶ አለቃው አንገቱን ደፋ። ፊታውራሪ መስኮት መስኮቱን አዩ፣ መሐረባቸውን አውጥተው አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን አጸዱ።

"ልቀቋቸው" አሉ። "ግን ይህን ቃል ጽሕፈት ቤቴ ውስጥ ሁለተኛ እንዳልሰማ። እድር በሉት።"

አቶ ኤርሱሞ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እጃቸውን ጨብጬ ይዣቸው ወጣሁ።

ጣጣው በዚያ አላለቀም። ፊታውራሪ ሰላምታ ነፈጉኝ፤ እስኪዛወሩ ድረስም አንተ እንዳሉኝ ቀሩ። ወሬው አዲስ አበባ ቀድሞኝ ገብቶ "ባለ ሴራው" የሚል ስም ወጣልኝ። አንዳንዱ በቀልድ ነው የሚለው፤ አንዳንዱ ግን ከእኔ ጋር ሲታይ ይፈራ ነበር። ትልልቆቹ ኮሚቴዎች ውስጥ ማንም አላስገባኝም። ምን ሕግ አወጣህ ለምትሉኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስሜ የሚጠራበት አንድም ሕግ የለም። የጭሰኛው ጉዳይ ስንቴ ተነስቶ ስንቴ እንደተድበሰበሰ ቆሜ አይቻለሁ፤ ተናግሬያለሁ፣ አልሰሙኝም።

አንድ ነገር ግን አልተውኩም። ረቂቅ በተነበበ ቁጥር እጄን አነሳ ነበር። "ይህ ቃል ምን ማለት ነው? ጃጁራ ያለ ሰው ሲሰማው ምን ይመስለዋል? እሱ ሲናገርስ እናንተ ምን ትሰማላችሁ?" እላለሁ። አዳራሹ ያጉረመርማል፤ "ተነሳ ደግሞ አስተማሪው!" ይላሉ። አንዳንዴ ግን ቃል ይቀየራል። አንዲት ቃል ብትቀየር ስንት ሽማግሌ ከእስር እንደሚተርፍ እኔ አውቃለሁ። እናንተም ቢሮ የምትቀመጡ፣ ማኅተም የያዛችሁ፣ ባላገር ፊታችሁ ቆሞ የሚያስደነግጥ ነገር ሲናገር ከመጻፋችሁ በፊት በቋንቋህ ምን ማለት ነው ብላችሁ ጠይቁት። ልመናዬ ይህ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ነግሬያችሁ ላብቃ።

ለሚቀጥለው አውቶብስ መናኸሪያ ስደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። እማማ ባሎቴ የእናቴን እጅ ይዘዋል። አቶ ኤርሱሞ ወደ እኔ ቀረቡ።

"ነገሩ ተቆርጧል" አሉኝ። "የሞተ ሰው የሚገባው በለቅሶው ነው ብለናል። የሎምባሞን ለቅሶ እንቀመጣለን፤ መንደሩ በሙሉ። እናትህን ልንወስድ መጣን።"

"መቼ?"

የነገሩኝ ቀን ቃለ መሐላው የሚፈጸምበት ቀን ነበር። ተሸካሚውን እንደገና ሻንጣዬን አውርድ ልለው አፌን ከፈትኩ። አቶ ኤርሱሞ ደረቴን በመዳፋቸው ያዙኝና ወደ አማርኛቸው ተመለሱ።

"እንደራሴ፣ እንደ ራሴ ነው አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው አባቴ።"

"እንግዲያ አንተ እዚያ እንደ እኔ ተቀመጥ። እኔ እዚህ እንደ አንተ እቀመጣለሁ። ሂድ።"

ሄድኩ። በቀኑ፣ ጥቁር ሱፌን ለብሼ፣ ከየአገሩ ከመጡት ጋር ቆሜ ቃሉን ተቀብዬ ደገምኩ። በዚያው ሰዓት እናቴ የድሮው ግቢያችን ውስጥ ሰሌን ላይ ነበረች፤ ዙሪያዋን መንደሩ በሙሉ። አቶ ኤርሱሞ ፊታቸውን ወደ መቃብሩ አዙረው። አላየሁም፣ ግን ከአዳራሹ ይልቅ እሱ ነበር የሚታየኝ። መሐላው አለቀና "ተቀመጡ" ተባልን።

ተቀመጥኩ። ጎኔ ያለው የማላውቀው እንደራሴ ጉንጬን አይቶ ደነገጠ።

"ምነው ወንድሜ፣ በዚህ ቀን ያለቅሳሉ?" አለኝ በሹክሹክታ።

"ለቅሶ ተቀምጬ ነው" አልኩት።